የገጠር አሜሪካዊ ቅድመ አያትን ታሪክ እንዴት እንፈልግ? ስሙን ሳይሆን መሬቱን ተከተሉ

ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለች የቤተሰብ ዛፍ ሠርተሽ ነይ ተባለች። በእኔ በኩል ችግር አልነበረም። ጎጃም ለአባቴ ደወልን። እሳቸው ሳያቋርጡ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩላት። ልጅቷም በጥድፊያ ጻፈች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። አያቱን ጠራ። «ከዚያስ?» አለችው። «ካንሳስ ውስጥ ገበሬዎች ነበሩ» አለና ዝም አለ። የዛፉ ግማሽ ባዶውን ቀረ።

ያ ባዶ ቦታ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጄ የሁለቱም ልጅ ናት። ስለዚህ እኔው ፍለጋ ጀመርኩ። ዛሬ የምጽፈው ባለፉት ዓመታት የተማርኩትን ነው። አሜሪካዊ ያገባችሁ፣ ልጆቻችሁ ግማሽ ታሪካቸው የጠፋባቸው፣ ወይም ለአማቶቻችሁ መልካም ነገር ማድረግ የምትፈልጉ ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

የከተማ ሰው ብዙ ዱካ ይተዋል። የገጠር ገበሬ ግን ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ የለውም፤ ስሙም በትልልቅ መጻሕፍት አይገኝም። ቢሆንም አርሷል። መሬት ደግሞ ወረቀት አለው። አባቴ ዘር መቁጠር የተማሩት ለጨዋታ አይደለም። በርስት ዘመን መሬት የሚደርስህ ከአቅኚው አባት መወለድህን ቆጥረህ ስታስረዳ ነበር። እኛ ዘንድ ዘሩ ወደ መሬቱ ያደርስ ነበር፤ አሜሪካ ገጠር ውስጥ ደግሞ መሬቱ ወደ ዘሩ ያደርሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህች አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ፦ ከቤት ጀምሩ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት በዕድሜ ትልቁን የቤተሰብ አባል ስልክ ደውሉለት። ነገ ዛሬ አትበሉ። መዝገቡ ይጠብቃል፤ ሰው ግን አይጠብቅም።

«ስለ አያትህ ንገረኝ» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ጎበዝ ሠራተኛ ነበር» ይሆናል፤ እዚያ ላይ ያልቃል። ይልቅ ጠበብ አድርጉት። ጎረቤታቸው ማን ነበር? ቤተክርስቲያን የሚሄዱት የት ነው? ልጆቹ የተማሩበት ትምህርት ቤት ምን ይባላል? እህሉን የሚሸጡት የትኛው ከተማ ወስደው ነው? ማን የት ተቀበረ? የባለቤቴ አክስት ለመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ሁለት ደቂቃ መለሱልኝ። ስለ ጎረቤት ስጠይቃቸው ግን አንድ ሰዓት ተኩል አወሩ። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱት።

ከዚያ ሣጥኑ ይከፈት። ብዙ የአሜሪካ ገጠር ቤተሰቦች ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ነበራቸው። በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መካከል የልደት፣ የጋብቻና የሞት ገጽ አለው። የአሳታሚውን ዓመት ተመልከቱ። መጽሐፉ በ1890 ታትሞ የ1850 ልደት ከተጻፈበት፣ ያ ልደት የተጻፈው ከብዙ ዓመት በኋላ በትዝታ ነው ማለት ነው። የፎቶ ጀርባ፣ የቀብር ካርድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውትድርና ማሰናበቻ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሱ።

አንድ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ መረጃ ከየት እንዳገኛችሁት ከጎኑ ጻፉ። ይህን ባለማድረጌ ያየሁትን መዝገብ እንደገና ስፈልግ ስንት ማታ እንዳቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛ፦ የሕዝብ ቆጠራውን ወደ ኋላ ውጡት

አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። የሰዎቹ ስም ያለበት መዝገብ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። የመጨረሻው የተከፈተ የ1950ው ሲሆን የወጣውም ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ነው። ስለዚህ በ1950 ጀምሩ። ከዚያ ወደ 1940፣ 1930፣ 1920 እያላችሁ አንድ አንድ ደረጃ ውጡ። ደረጃ መዝለል አደጋ አለው።

የት ይገኛል? ፋሚሊ ሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ነጻ ነው። የሚያስተዳድረው በተለምዶ የሞርሞን ቤተክርስቲያን የምንለው ነው። የሚጠይቃችሁ አካውንት መክፈት ብቻ ነው፤ ሃይማኖታችሁን አይጠይቅም። አንሴስትሪ የሚባለው ሌላ የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጽ ክፍያ አለው፤ ግን ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገብታችሁ በነጻ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

እያንዳንዱ ቆጠራ የየራሱ ጥያቄ አለው። የ1940ው በ1935 የት ትኖሩ ነበር ይላል። ድርቅና የአቧራ ማዕበል የሜዳውን እርሻ ባጠፋበት በዚያ ዘመን ማን ከእርሻው እንደተነቀለ የሚታየው እዚህ ነው። ለቆጣሪው መልስ የሰጠው ሰው ስም አጠገብም በክብ ውስጥ የኤክስ ምልክት አለ። መረጃው የአባወራው ይሁን የልጁ ታውቃላችሁ። የ1930ው ራዲዮ አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የ1880ው እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነና ወላጆቹ የት እንደተወለዱ ይናገራል።

እኔ ግን የ1900ውን እወደዋለሁ። የተወለዱበትን ወርና ዓመት ይጽፋል። በጋብቻ የቆዩበትን ዘመን ይጽፋል። የውጭ ተወላጅ ከሆኑ የመጡበትን ዓመት ይጽፋል። ሴቶቹን ደግሞ ስንት ወልደሽ ስንቱ በሕይወት አለ ብሎ ይጠይቃል። የባለቤቴ የአያቱ እናት ዓምድ ላይ «9» እና «6» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ስለ ሦስቱ ልጆች ከቤተሰቡ ማንም ሰምቶ አያውቅም። እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ሳይ አገር ቤት ያሉ እናቶች ትዝ አሉኝና አለቀስኩ። ሦስቱን ሕፃናት ለማግኘት ነው በኋላ መቃብር ለመቃብር የዞርኩት።

በ1890 ጉድጓድ ይገጥማችኋል። የዚያ ዓመት ቆጠራ አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳትና እሱን ለማጥፋት በተረጨ ውሃ ተበላሽቷል። ከ1880 እስከ 1900 ሃያ ዓመት ባዶ ነው። ልጅ ተወልዶ አድጎ ከቤት የሚወጣበት ጊዜ ነው። መፍትሔው ክልሎቹ ራሳቸው ያደረጉት ቆጠራ ነው። ካንሳስ በ1885 እና በ1895 ቆጥራለች፤ ወደ ካንሳስ የመጣኸው ከየት ነው የሚል ዓምድም አላት። ይቺ አንዲት ዓምድ ናት ቤተሰቡን ከካንሳስ ወደ ኢሊኖይ የወሰደችን። ነብራስካም በ1885 ቆጥራለች። የአዮዋ የ1925 ቆጠራ ደግሞ የወላጆችን ስም፣ የእናትን የልጅነት ስም ሳይቀር ይጽፋል። ዘመዳችሁ በዚያ ዓመት አዮዋ ውስጥ ከነበረ ዕድለኞች ናችሁ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ መዝገብ አለ። ከ1850 እስከ 1880 ባሉት ቆጠራዎች የእርሻ ዝርዝር አብሮ ተይዟል። ስንት ኤከር ታረሰ፣ ስንት ፈረስ፣ ስንት የምትታለብ ላም፣ ስንት ቡሼል በቆሎና ስንዴ፣ ስንት ፓውንድ ቅቤ። ቅቤው የማን ሥራ እንደሆነ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። በወረቀት ላይ ድምፅ የሌላት ሴት ጉልበቷ የተጻፈው እዚያ ነው።

እባካችሁ የምትፈልጉትን ቤተሰብ ብቻ አይታችሁ ገጹን አትዝጉት። ቆጣሪው ቤት ለቤት ነው የሄደው። ከላይና ከታች ያሉት ስሞች ጎረቤቶች ናቸው። ሁለት ገጽ ወደፊት፣ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ አንብቡ፤ ስማቸውን ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ። ጎረቤቱ የሚስቱ አባት ሆኖ ሲገኝ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

ስም ያታልላል

እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። ድረ ገጽ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው የሠራው የቤተሰብ ዛፍ አገኘሁ። ስሙ ያው፣ የተወለደበት ዓመት ያው፣ ክልሉ ያው። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ገለበጥኩ። አራት ወር ሙሉ የሌላ ቤተሰብ አያቶች ስፈልግ ከረምኩ። በኋላ ነው በአንድ ካውንቲ (ከክልል በታች ያለ አስተዳደር) ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ገበሬዎች እንደነበሩ የገባኝ። የለየኋቸው በሚስቶቻቸው፣ በጎረቤቶቻቸውና በመሬታቸው ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሊኖራቸው ይችላል፤ አንድ ማሳ ላይ ግን ሁለቱም አይኖሩም። የሌላ ሰው ዛፍ ጥቆማ ነው፤ ማስረጃ አይደለም።

አጻጻፍም እንደዚያው ነው። ቆጣሪው የሰማውን ነው የጻፈው። አንድ ቤተሰብ በሦስት ቆጠራ በሦስት ፊደል አጻጻፍ ሊመጣ ይችላል። ስሙን ጮክ ብላችሁ በተለያየ አነጋገር ጥሩትና የሚሰማችሁን ሁሉ ፈልጉ። ካልተገኘ ስሙን ተዉት። የልጅቷን የመጀመሪያ ስም፣ ዕድሜዋንና ካውንቲውን ብቻ አስገቡ። «ስማችንን ኤሊስ ደሴት (የድሮው የኒውዮርክ የስደተኞች መግቢያ) ላይ ቀየሩት» የሚል የቤተሰብ ወሬ ከሰማችሁም አትመኑት። የደሴቱ ጸሐፊዎች የሚሠሩት መርከቡ ይዞት ከመጣው የተጓዦች ዝርዝር ነው። ስሙን የቀየረው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ስደተኛው ነው፤ ያውም ከመጣ በኋላ።

ለእኛ የሚከብደን ሌላ ነገር አለ። የእኛ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። አሜሪካዊቷ ግን ስሟ በባሏ ስም ይዋጣል፤ በጋዜጣ ላይማ የራሷ የመጀመሪያ ስም ሳይቀር ይጠፋና «ወይዘሮ እገሌ» ተብላ በባሏ ሙሉ ስም ትጠራለች። የልጅነት ስሟን የምታገኙት በጋብቻ መዝገቡ፣ በልጆቿ የሞት ወረቀት ላይ፣ ወይም ወንድሟ ሲሞት በወጣው የሕይወት ታሪክ ነው። አባቷ ሲሞት መሬቱን የሸጡ ወራሾች ውልም ላይ ትገኛለች። እንዲህ ያለ ውል ወንድምና እህቶችን በሙሉ፣ ከነባልና ከነሚስታቸው ዘርዝሮ ያስፈርማል። አንድ ወረቀት ላይ ሙሉ ቤተሰብ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ መሬቱ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን።

ፕሬዚዳንት ሊንከን የሆምስቴድ ሕጉን የፈረሙት ሜይ 20 ቀን 1862 ነው። 21 ዓመት የሞላው ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው 160 ኤከር የመንግሥት መሬት መያዝ ይችላል። በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። አምስት ዓመት ከኖረበት፣ ቤት ከሠራበትና ካረሰው የራሱ ይሆናል። ያላገባች ሴትና ባሏ የሞተባትም ይችሉ ነበር። የውጭ ሰው ደግሞ ዜጋ ለመሆን ማመልከቱን ማሳየት አለበት። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ቀደም ሲል የነባር ሕዝቦች አገር ነበር። የዚያ ካውንቲ ነባር ሕዝብ ማን እንደነበረና እንዴት እንደለቀቀ አብራችሁ ጻፉት። ታሪኩ ያለ እሱ ጎዶሎ ነው።

ፍለጋው እንዲህ ነው። የፌደራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ጂኤልኦ ሪከርድስ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለው። ክልሉን፣ ካውንቲውንና ስሙን አስገቡ። ካገኛችሁት የባለቤትነት ወረቀቱን ምስል ታያላችሁ። ወረቀቱ ያምራል፤ ግን ብዙ አይናገርም። ከእሱ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ የሰነዱ ቁጥርና የመሬቱ አድራሻ። እነሱን ይዛችሁ ዋሽንግተን ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሙሉውን ፋይል ታዛላችሁ። ክፍያ አለው፤ ጊዜም ይወስዳል። የነብራስካ ፋይሎች ግን ዲጂታል ስለሆኑ በኢንተርኔት ይገኛሉ።

ፋይሉ ውስጥ ምን አለ? ገበሬው አምስት ዓመቱን ጨርሶ ሲቀርብ ጥያቄ ይጠየቃል። መቼ ሰፈርክ? ቤትህ ስንት በስንት ነው? ምን ሠራህ፣ ጉድጓድ ቆፈርክ? ስንት ኤከር አረስክ፣ ስንት መኸር አገባህ? ቤተሰብህ ስንት ነው? ተለይተህ ታውቃለህ? ሁለት ጎረቤቶቹም ለየብቻ ያንኑ ይጠየቃሉ። ስደተኛ ከሆነ የዜግነት ወረቀቱ ግልባጭ እዚያው ውስጥ ይኖራል፤ እሱ ደግሞ ወደ ድሮ አገሩ ያሻግራችኋል።

የእኛ ፋይል ሲመጣ ባለቤቴ ወጥ ቤት ቆሞ አነበበው። ቤቱ 14 በ16 ጫማ፣ ከሣር ሥር ጋር ተቆርጦ በተነሳ አፈር የተሠራ። አንድ በር፣ ሁለት መስኮት። «ተለይተህ ታውቃለህ?» ለሚለው፣ «ድርቅ ስለነበር አንድ ክረምት ወደ ምሥራቅ ሄጄ የቀን ሥራ ሠራሁ፤ ሚስቴና ልጆቼ እዚሁ ነበሩ» ይላል። ባለቤቴ ሦስቴ አነበበው። በዚያ ክረምት፣ በዚያች ጠባብ ቤት ያቺ ሴት ብቻዋን ነበረች።

አድራሻውን ማንበብ ትንሽ ልምድ ይጠይቃል። ለምሳሌ «የክፍል 14 ሰሜን ምሥራቅ ሩብ፣ ታውንሺፕ 9 ደቡብ፣ ሬንጅ 20 ምዕራብ» ሊል ይችላል። ታውንሺፕ 6 ማይል በ6 ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ውስጡ በ36 ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 640 ኤከር ነው። ሩቡ እንግዲህ 160 ኤከር መሆኑ ነው። የክፍሎቹ ቁጥር በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ከ1 ይጀምራል፣ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ ከዚያ በታችኛው መስመር ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ጥማድ በሬ ትልሙ ጫፍ ላይ ዞሮ እንደሚመለሰው ነው። ይህን ከያዛችሁ በሳተላይት ካርታ ማሳውን ራሱን ታገኙታላችሁ።

ቁጥሩም ይናገራል። 16 ቁጥር ለትምህርት ቤት ድጋፍ የተተወ መሬት ነው። ባቡር ባለፈበት አካባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ክፍሎች ለባቡር ኩባንያው የተሰጡ ናቸው። ቅድመ አያታችሁ ጎዶሎ ክፍል ላይ ከሰፈረ ከኩባንያው ገዝቶ ሊሆን ይችላልና የሽያጭ ውሉን ካውንቲው ጋ ፈልጉ።

ጀምረው ያልጨረሱም ብዙ ናቸው። አንበጣ፣ ድርቅ፣ ዕዳ። በ1874 በሜዳው አገር የወረደው አንበጣ ስንቱን አባርሯል። የእነሱ ፋይልም አለ፤ ግን በጂኤልኦ ላይ በስም አይወጣም። ትራክት ቡክ በሚባለው መዝገብ በመሬቱ አድራሻ ነው የሚፈለገው፤ እሱም ፋሚሊ ሰርች ላይ ይገኛል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መሬቱ መጀመሪያ የፌደራል መንግሥቱ በነበረባቸው 30 ክልሎች ነው። ቨርጂኒያ፣ ኬንታኪ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስና መሰሎቻቸው ከዚህ ውጭ ናቸው። እዚያ መሬቱን ያደለው ክልሉ ወይም የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ነው። ወሰኑም ብዙ ጊዜ «ከትልቁ ዛፍ እስከ ጅረቱ፣ ከጅረቱ እስከ እገሌ አጥር» ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ሽማግሌዎች እንደሚያዋስኑት ማለት ነው። እገሌ የተባለውን ጎረቤት ያዙት፤ መንገድ የሚመራችሁ እሱ ነው።

የራሱ መሬት ያልነበረው ጭሰኛስ? የካውንቲው ጽሕፈት ቤት የንብረት መያዣ ውሎችንም መዝግቧል። ጭሰኛው ለዘርና ለዕቃ ሲበደር በቅሎውን፣ ላሟን፣ ገና ያልታጨደውን ሰብል ያስይዛል። የበቅሎዋ ስምና መልክ የተጻፈበት ውል አለ።

አራተኛ፦ ካውንቲው

በአሜሪካ ገጠር የሰው ሕይወት የሚመዘገበው በካውንቲ ነው። የጋብቻ ፈቃድ፣ የመሬት ሽያጭ፣ ግብር፣ ኑዛዜና ውርስ፣ ሁሉም እዚያ ነው። መጀመሪያ ግን ካውንቲው በዚያ ዘመን ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ድንበሮች ተቀያይረዋል። ቤተሰቡ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ በሦስት ካውንቲ ስር ሊቆጠር ይችላል። ቺካጎ ያለው የኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የካውንቲ ድንበሮችን በየዘመኑ የሚያሳይ ነጻ ካርታ አለው።

የመሬት ውል ሁለት ማውጫ አለው፤ አንዱ በሻጭ ስም፣ አንዱ በገዢ ስም። ሁለቱንም እዩ። ገዝቶ ያልሸጠ ሰው ካለ መሬቱ በውርስ ነው የወጣው፤ ስለዚህ ወደ ውርስ ፋይሉ ሂዱ። እዚያ የወራሾች ዝርዝር ከነአድራሻቸው፣ የዕዳ ዝርዝር፣ አንዳንዴም የቤት ዕቃ ቆጠራ ታገኛላችሁ። ማረሻ፣ ምድጃ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ አልጋ። ሰውየው የነካቸው ዕቃዎች ናቸው።

ፋሚሊ ሰርች በቅርብ ዓመታት በእጅ የተጻፉ የመሬትና የውርስ መዝገቦችን በኮምፒውተር እያስነበበ ሙሉ ጽሑፋቸውን መፈለግ አስችሏል። ማውጫ ላይ የማይወጣ ምስክር፣ ዋስ፣ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል። ቅድመ አያታችሁን ካጣችሁት የጎረቤቱን ስም አስገቡበት።

«ፍርድ ቤቱ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከእሳት በኋላ ሰዎች የመሬት ውላቸውን እንደገና አስመዝግበዋል። ጎረቤት ካውንቲውንም ፈትሹ።

ጋዜጣውን አትናቁት

የገጠር ከተማ ጋዜጣ ዛሬ ፌስቡክ እንደምንለው ነበር። ማን ማንን ለእሑድ ምሳ ጠራ፣ የማን ላም ጠፋች፣ ማን ከኢሊኖይ ዘመድ መጣለት። «ከኢሊኖይ የመጣችው እህቷ» የምትል አንዲት መስመር ዓመታት የፈለጋችሁትን ትፈታለች። እኛ ቀብር ላይ የሟቹን የሕይወት ታሪክ እናነባለን፤ እነሱ ደግሞ በጋዜጣ ያወጡታል። የት ተወለደ፣ መቼ መጣ፣ ማንን አገባ፣ ማን ቀረው። የወንድሞቹንና የእህቶቹንም ፈልጉ፤ የእሱ አጭር ከሆነ የእህቱ ረጅም ይሆናል።

ሆምስቴድ የያዘ ሰው ከ1879 በኋላ ማረጋገጫውን ከማቅረቡ በፊት በአካባቢው ጋዜጣ ማስታወቂያ ማውጣት ነበረበት። እዚያ ላይ የአራት ምስክር ጎረቤቶች ስም አለ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የሚባል ነጻ የድሮ ጋዜጣ ስብስብ አለው። የካንሳስ ታሪክ ማኅበር ደግሞ ከ1875 ጀምሮ የክልሉን ጋዜጦች ሲያከማች ኖሯል።

የቀሩት ወረቀቶች፣ በአጭሩ

የልደትና የሞት ወረቀት በክልል ደረጃ የተጀመረው በብዙ ቦታ ዘግይቶ ነው። ካንሳስ በጁላይ 1911 ነው የጀመረችው። ከዚያ በፊት የተወለደን ሰው የልደት ወረቀት ስትፈልጉ አትድከሙ። የሞት ወረቀት ላይ የወላጆችን ስም ማን እንደተናገረ እዩ። ያዘነ አማች የተናገረውና የወለደች እናት የተናገረችው እኩል አይታመንም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምዝገባ ካርድ ለወንዶች በጣም ጥሩ ነው። በ1917 እና በ1918 ወደ 24 ሚሊዮን ወንዶች ተመዝግበዋል፤ ያልዘመተውም አለበት። የዓይኑን ቀለም ሳይቀር ታነባላችሁ። የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታ መድን) ማመልከቻ የእናትን የልጅነት ስም ይዟል። ግን በራሱ እርሻ የሚተዳደር ገበሬ በሶሻል ሴኩሪቲ የተካተተው ከ1955 ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት የሞተ አርሶ አደር ላይኖርበት ይችላል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ የተዋጋ ካለ የጡረታ ፋይሉን ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት እዘዙ። መበለቷ ጋብቻዋን ለማስረዳት የሰበሰበችው ምስክርነት እዚያ ነው።

የዲኤንኤ ምርመራ ወረቀቱን አይተካም፤ ግን ሁለት ቤተሰቦች መዛመዳቸውን ለማረጋገጥ ይረዳል። በዕድሜ ትልቁ ሰው ፈቃደኛ ከሆነ እሱ ይመርመር።

ቅድመ አያታችሁ በባርነት የኖረ ጥቁር ከሆነ

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተጋብተዋልና ይህን ለብቻው እጽፋለሁ። ከባርነት የወጡ ሰዎች ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩበት የመጀመሪያው ቆጠራ የ1870ው ነው። በ1850 እና በ1860 ባሪያዎች የተመዘገቡት በጌታው ስም ስር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ነው። ስም የለም። ያንን ገጽ ስታዩ ልባችሁ ይሰበራል፤ ግን አትዝጉት።

ከ1870ው ጀምሩ። ጎረቤቶቹን ጻፉ፤ ነጮቹንም። የቀድሞው ጌታ ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው። ከዚያ የፍሪድመንስ ቢሮን መዝገቦች ፈልጉ። ከባርነት የወጡትን ለመርዳት ከ1865 እስከ 1872 የሠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የሥራ ውል፣ የጋብቻ ምዝገባ፣ የራሽን ዝርዝር አለው። የፍሪድማን ቁጠባ ባንክ ደንበኞቹን ወላጆቻቸውንና ወንድም እህቶቻቸውን ጠይቆ ይመዘግብ ነበር፤ የተሸጡትን ጭምር። ከ1865 በፊት ያለው መንገድ በጌታው ንብረት መዝገብ ውስጥ ያልፋል፤ በኑዛዜው፣ በውርስ ቆጠራው፣ በመያዣ ውሉ። እዚያ ስም ይገኛል። መራራ ነው፤ ግን የሰው ስም ነው።

ጥቁሮችም ሆምስቴድ ይዘዋል። በካንሳስ ኒኮዲመስ የተባለችውን ከተማ በ1877 የመሠረቱት ከኬንታኪ የመጡ ነጻ የወጡ ሰዎች ናቸው። በነብራስካ የአሸዋ ኮረብቶች ውስጥ የነበረችው ዲዊቲም አለች። ባለቤታችሁ የተወለደው ከነዚህ ሰዎች ከሆነ ፋይላቸው ከሌሎቹ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃችኋል።

በመጨረሻ፦ ወደ ቦታው ሂዱ

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። የትናንሽ ካውንቲዎች የታሪክ ማኅበር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ የሚከፈት፣ ጡረተኛ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩበት ነው። ምን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው አውጥተው ይጠብቋችኋል። እኛን ቡና አፍልተው ነው የጠበቁን። የታውንሺፑን የድሮ ካርታም አሳዩን፤ በየማሳው ላይ የባለመሬቱ ስም የተጻፈበት ነው። ደብተሬ ላይ የገለበጥኳቸው ጎረቤቶች ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ።

መቃብሩን ፋይንድ ኤ ግሬቭ በሚባለው የመቃብር ድረ ገጽ ላይ አስቀድማችሁ ፈልጉት፤ ግን በአካልም ሂዱ። ድንጋይ የሌላቸው መቃብሮች በድረ ገጹ ላይወጡ ይችላሉ። የመቃብሩን ኃላፊ የቦታ ሽያጭ መዝገብ አሳዩኝ በሉ። እኛ ሁለቱን ሕፃናት እዚያ መዝገብ ውስጥ አገኘናቸው። አንዷ አራት ወሯ ነበር። ሦስተኛውን ገና እየፈለግሁ ነው።

ማሳው የሌላ ሰው ነው። ሳትጠይቁ አጥር አትለፉ። የአሁኑን ባለቤት ከካውንቲው የግብር መዝገብ ታገኛላችሁ፤ ደብዳቤ ጻፉለት፣ የሆምስቴዱን ወረቀት ግልባጭ አያይዙለት። የእኛው ሰውዬ ራሱ በመኪናው ወሰደን። ቤቱ የለም። ስንዴ ነው። «ጉድጓዱ እዚህ ጋ ነበር፤ አባቴ ነው የደፈነው» አለና በእግሩ አሳየን። ልጄ ደብተሯን አውጥታ የቦታውን ቁጥር ጻፈች፤ ከስሩም ጎጃም ያሉት አያቷ በስልክ እንደነገሯት አድርጋ፣ ስሞቹን ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመረች።